የጥርማ አደባባይና የመርሶ ቀጠሮ

ጥርማ ከተማ የገባ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገርመው የአደባባዩ ሰው አወጣጥ ነው። ሽማግሌውም ተማሪውም፣ ሸራ ጫማ ያደረገውም በባዶ እግሩ የሚሄደውም፣ ከአደባባዩ ሲወጣ በዳር ከተደረደሩት ሰፋፊ ድንጋዮች በአንዱ ላይ ይቆምና የእግሩን አፈር ወደ ውስጥ ያራግፋል። ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ አንድ ቄስ ይህን አይተው፣ በወንጌል የእግርን ትቢያ ማራገፍ እንግዳ የማይቀበል ከተማ ላይ የሚደረግ ምስክርነት ነው፣ እናንተ ግን የገዛ ከተማችሁን በየቀኑ ታወግዛላችሁ ብለው ተቆጥተው ነበር። ነገሩን ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን እሳቸውም ቆመው ሲያራግፉ ታዩ።

ሌላም ልማድ አለን። በየዓመቱ ጥር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ አደባባዩ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚመጣውም ሰው ሁሉ ከደጁ አንድ እፍኝ አፈር ይዞ ይመጣና ይበትናል። ከዚያ የሽማግሌዎቹ ዳኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የጓንጉል ወገን አለህ?» ይላል። አንድ ሰው ተነስቶ «አለሁ» ይላል። «የጎሹ ወገን አለህ?» ሲል ሌላው ተነስቶ «አለሁ» ይላል። ዳኛውም «ምስክር እስኪገኝ ይቀጠር» ይልና ሁሉም ወደ ገበያው ይበተናል። ነገሩ አንድ ብርጭቆ ውሃ የመጠጣት ያህል ጊዜ እንኳ አይወስድም።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጥቁር ፀጉሬን ያስረከብኩት ቀጠሮ ስጽፍ ነው። ስለዚህ በዚህ የጥር ቀጠሮ ከማንም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ፤ የእኛ ሰው የቀጠሮ ፍቅሩ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ነው እያልኩ እቀልድ ነበር። ሽማግሌዎቹ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉኝ፣ «እያደር ማለት ስንት አዳር ነው?» እላቸው ነበር። አምና የሆነውን ካየሁ በኋላ ግን ይህን ጥያቄ ትቻለሁ።

አባቶች እንደሚሉት፣ ጥርማ ከተማ ከመሆኗ በፊት ሁለት መንደር ነበረች። ላይ መንደር በምሥራቁ ጉብታ ላይ ያለች ሲሆን አፈሯ ቀይ ነው፤ ታች መንደር በምዕራቡ ሜዳ ላይ ያለች ሲሆን አፈሯ ነጣ ያለ ነው። ዛሬ አደባባዩ ያለበት መሐል ላይ ደንገል የበቀለበት ጥልቅ ረግረግ ነበር፤ ሁለቱም መንደሮች ለቤት ክዳንና ለምንጣፍ የሚሆናቸውን ደንገል የሚያጭዱት ከዚያው ነበር ይባላል። አጫጁ ሁሉ ረጅም የወይራ ዘንግ ይይዛል፤ እግሩን ከማሳረፉ በፊት ጭቃውን በዘንጉ ይወጋና ጥልቀቱን ይለካል። ቀጥሎ የምጠራቸው ሰዎች ስማቸው በእርግጥ እንዲህ መሆኑን እጠራጠራለሁ፣ በየዘመኑ ሰው አፍ ተሞርዶ የመጣ ስም ይመስለኛል፤ የሰዎቹን ነገር ግን እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ።

በዚያ ዘመን ሰው ሲሟገት የሚምለው በቆመበት አፈር ነበር ይባላል። ጎንበስ ይልና ቆንጥሮ ምላሱ ላይ ያደርጋል፤ ከዚያም «ብዋሽ መሬት አትቀበለኝ» ይላል። መሬት ደግሞ ለሚያርሳት ታደላለች ተብሎ ስለሚታመን፣ የላይ መንደር ሰው ታች መንደር ወርዶ፣ የታች መንደርም ሰው ላይ መንደር ወጥቶ አይሟገትም፤ በባለጋራው አፈር ላይ የቆመ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት እንደተረታ ይቆጠር ነበርና። በዚህ የተነሳ እያንዳንዱ መንደር የራሱን ሰው አሳምሮ ይዳኛል፣ በሁለቱ መንደሮች መካከል ግን ዳኝነት የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ ሁለቱም በየዳራቸው ቆመው በረግረጉ ማዶ ለማዶ እየጮኹ ለመሟገት ሞክረው ነበር ይባላል፤ እንቁራሪቱ አላሰማ ስላላቸው ሙግቱ በድንጋይ ውርወራ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ከላይ የሞተ ከታች በሚገደል ይካካስ ነበር።

እንዲህ ባለው ዘመን የላይ መንደሩ የጓንጉል ልጅ መርሶና የታች መንደሯ የእመት አንጓች ልጅ ጎሹ፣ በአንድ ቀን ከረግረጉ መሐል ደንገል ሲያጭዱ ዋሉ። ሲመሽ የተመለሰው ጎሹ ብቻ ነበር። እስከ ብብቱ ጭቃ ለብሶ፣ ዘንጉንም ሳይዝ መጣ። መርሶ እንደሰመጠ ለእናቱ ነገራት፤ ለሌላው ሰው ግን ለመናገር አንደበቱ ታስሮ ነበር ይባላል። ላይ መንደር ውስጥ ጓንጉል ልጁን ሲጠብቅ አድሮ፣ በማለዳ ረግረጉ ዳር ወርዶ የልጁን ማጭድና ያጨደውን ደንገል ብቻ አገኘ። ልጄ ይህን ጭቃ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ በዘንግ ገፍተው ካልጣሉት በቀር አይሰምጥም አለ። ዘመዶቹም ጦር ይዘው ተነሱ።

እመት አንጓች ይህን ስትሰማ አልጮኸችም፣ ልጇንም አልደበቀችም። በቅርጫት ከደጇ ነጭ አፈር ሞልታ ተሸከመች፣ ልጇን አስከተለች፣ ረግረጉ ውስጥ ጥቂት ገብታ የታጨደውን ደንገል አነጠፈች፣ አፈሩንም በላዩ ዘርግፋ ጎሹን አቆመችበት። ጦረኞቹ ሲደርሱ ልጁ ባዶ እጁን፣ ማንም ባላረሰው ረግረግ ላይ፣ በገዛ አፈሩ ላይ ቆሞ አገኙት።

«በሕግ አምላክ» አለች። «ልጄ በአፈሩ ላይ ቆሟል። ክስ ያለው የራሱን አፈር ይዞ ይምጣ።»

ጓንጉል ልቡ የደማ ቢሆንም ሙግት አዋቂ ሰው ነበር ይባላል፤ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ የሚሉት ዓይነት። በአፈሩ ላይ ቆሞ ሕግ የጠራን ሰው መግደል ነውሩ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ያውቃል። ጦሩን ተከለ። ወንድሞቹን ልኮ ቀይ አፈር አስመጣና ከጎሹ ፊት ለፊት፣ አራት እርምጃ ያህል ርቆ፣ በደንገል ምንጣፍ ላይ አስደልድሎ ቆመ። በዚያች አገር ሁለቱ መንደሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ለሙግት ቆሙ።

ዳኛ ግን ከየት ይምጣ? በዚያ ሰዓት አሞሌ ጨው ጭኖ የሚያልፍ ቸሬ የሚባል ሽማግሌ ነጋዴ ነበርና ይዘው አቆሙት። እሱም፣ እኔ አገሬ ሩቅ ነው፣ አፈርም አልያዝኩም ቢላቸው፣ ሁለቱም ወገኖች አፈር እየጨመሩ ጉብታዎቹን ወደ መሐል አስጠጉለትና አንድ እግሩን በቀዩ፣ አንድ እግሩን በነጩ ላይ አድርጎ፣ ከሥሩ ጥቁሩን ውሃ እያየ፣ ተንፈራጥጦ ዋለ ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ወገቡን ሳያመው የዋለበት ቀን የለም ይላሉ።

ጎሹ አፈሩን ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ።

«ሰመጠ» አለ። «ዘንጌን ሰጠሁት፣ በሁለት እጁ ያዘው። ስስበው እኔም እስከ ብብቴ ገባሁ። ለቀቅኩትና ወጣሁ። የለቀቅኩት እኔ ነኝ፤ የገፋሁት ግን አይደለሁም። ብዋሽ መሬት አትቀበለኝ።»

ጓንጉል የጎሹን ባዶ እጅ አየ። ከዚያ «ዘንጉ የት አለ?» አለ።

ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ጎሹ እንዳለው ከሆነ ዘንጉ መርሶ እጅ ውስጥ ነው፤ ጓንጉል እንዳለው ከሆነ ገዳዩ ገፍቶ ከጨረሰ በኋላ ምልክቱን ለማጥፋት የሆነ ቦታ ጥሎታል። እመት አንጓች ዘንጉ ምልክት እንዳለው ተናገረች፤ እጅ የሚይዘው ጫፉ ላይ በጋለ ብረት ሦስት ቀለበት አድርጌ ያቃጠልኩት እኔው ነኝ አለች። ሰዎች በረጃጅም እንጨት ረግረጉን ሲወጉ ሰነበቱ፤ መርሶንም ዘንጉንም የነካ ግን የለም። በመጨረሻ ቸሬ እንዲህ ሲል ፈረደ፤ ምስክሩ ከታች ነው ያለው፣ ምስክር ሳይሰማ ደም አይፈስም፣ ረግረጉ በሚጎድልበት በጥር ተገናኙ፣ እስከዚያ ይቀጠር። ከዚያም እግሩን ከሁለቱም አፈር ላይ አራገፈ። የተከራካሪን አፈር ይዤ አልሄድም፣ ምስክር ከመናገሩ በፊት መጉደል የለበትም አለ ይባላል። አህዮቹን ነድቶ ሄደ፤ ከየት እንደመጣም ወዴት እንደሄደም ያወቀ የለም።

በሚቀጥለው ጥር ሁለቱ ወገኖች ሲመጡ የአምናው አፈራቸው በክረምቱ ሰምጦ፣ ጥቁር ጭቃ አልብሶት አገኙት። ስለዚህ እንደገና ተሸክመው አመጡ። በሦስተኛው ዓመትም እንዲሁ። ምስክሩ አልመጣም፣ ቀጠሮውም አልተቋረጠም፣ አፈሩም በየዓመቱ እየጨመረ ሄደ። የድንበር ክርክር ያለው፣ የከብት ክርክር ያለው፣ ልጁን ከማዶ መንደር ሊድር የፈለገም፣ አፈሩን ይዞ በዚያው ቀን መምጣት ጀመረ። ለካ ሰው መታረቅ ያቃተው የሚቆምበት አጥቶ ነው።

በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው ዓመት ላይ፣ እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም፣ ጓንጉል በጠና ታመመና አፈሩን መሸከም አቃተው ይባላል። የቀጠሮው ቀን ማለዳ ደጁ ሲንኳኳ ወጥቶ ቢያይ ጎሹ ባዶ ቅርጫት ይዞ ቆሟል። ተከሳሹ ከከሳሹ ደጅ ቀይ አፈር ቆፍሮ ሞላ፣ ተሸክሞ ወረደ፣ ደለደለለት፣ ሽማግሌውንም ደግፎ አቆመው። ከዚያም ተሻግሮ በራሱ ነጭ አፈር ላይ ቆመና ክሱን ጠበቀ። ጓንጉል በዚያን ቀን ደም አልጠየቀም። ምስክር እስኪገኝ ይቀጠርልኝ ብቻ አለ፤ እስከ ዛሬ የሚባለው ቃል ከዚያ የቀረ ነው።

ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ የተናገረውም በላይ መንደር ሰው ዘንድ ሳይረሳ ቆይቷል። «ቀጠሮውን እንዳታጓድሉ» አለ። «ልጄን ማን እንደገደለው መጠየቁን ትቼዋለሁ። ብቻውን ሞቶ እንደሆነ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እንግዲህ ረግረጉ እንዲህ ሞላ፤ ሁለቱ መንደሮች በመሐሉ ተገናኝተው ከተማ ሆኑ። ቀዩና ነጩ አፈር ከመቀላቀሉ የተነሳ ማን የማንን እንደሚረግጥ የማይታወቅበት ዘመን መጣ። አፈር ይዞ መሄድ የሌላውን ድርሻ ይዞ መሄድ ነው፣ ምስክሩንም ማጉደል ነው የተባለው፣ እግር ማራገፉም ልማድ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው ይላሉ።

ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ጥሩ ተረት ነው ብዬ ትቼው ነበር። አምና በኅዳር ወር ማዘጋጃ ቤት ለዝናብ ውሃ ማፋሰሻ ቦይ ሲያስቆፍር፣ ሠራተኞቹ ከአንድ ሰው ቁመት በታች የተነጠፈ ደንገል አገኙ። ሥራው ቆመና የጥንት ነገር የሚመረምሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። መሪያቸው ዶክተር ሰናይት የምትባል ዝምተኛ ሴት ናት፤ ከመጨረሻ ልጄ ስለምታንስ አንቱ አላልኳትም። ጡረተኛ ሥራ የለውምና በየቀኑ ከጉድጓዱ አፋፍ እቀመጥ ነበር።

የጉድጓዱን ግድግዳ ማንኪያ በምታህል መሣሪያ እየፋቀች ስታጠራው ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ከላይ ያለው አፈር ቀለሙ የማይለይ ቡናማ ነው። ዝቅ ሲል ቀይና ነጭ መስመር ይጀምራል፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ልክ እንደ ነጠላ ጥለት፣ በየመሐሉም የክረምት ጭቃ የተወው ቀጭን ጥቁር መስመር አለ። መስመሮቹን ቆጥራ ከሦስት መቶ ካለፈች በኋላ የቀረው ተቀላቅሎባት ተወችው። ከሁሉ በታች ደግሞ ሁለት ጉብታ፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ፣ በደንገል ምንጣፍ ላይ፣ ጫፍ ለጫፍ ሊነካኩ ተቃርበው ፊት ለፊት ቆመዋል። ከአንዱ ጀርባ እስከ ሌላው ጀርባ ያለውን ለካችልኝ፤ አራት እርምጃ ነው። አብረው የወጡትን የሸክላ ገሎች አይታ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ቢያልፈው እንጂ አያንስም አለችኝ። ስስቅበት የኖርኩት ቀጠሮ እያንዳንዱ ዓመቱ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኔ እንዲህ የተጠበቀ መዝገብ አላየሁም። የቸሬን ወገብ የሚመሰክር ነገር ግን አልተገኘም።

ከነጩ ጉብታ ወዲያ፣ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ የሰው አጥንት ብቅ አለ። ከጭቃው ውስጥ ሽቅብ የወጣ እንጨትም ነበር። ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተማውን አዳረሰና የሽማግሌዎቹ ዳኛ አያ ይማም በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። ለዶክተሯ ስለ ቀለበቱ ነገር ማንም አልነገራትም። አያ ይማም አፋፉ ላይ ቆመው፣ ገና እንጨቱን ሳታጠራው ተጣሯት።

«ልጄ፣ የላይኛውን ጫፍ ጥረጊውና ቀለበቱን ቁጠሪልኝ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያለች ጠረገችው። አንድ ጥቁር ቀለበት ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ሲወጣ አፋፉ ላይ የነበርነው ሁሉ ሳንነጋገር ባርኔጣና ጥምጣማችንን አውልቀን ነበር።

ያን ጊዜ የጥር ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ዶክተሯን በምስክርነት ጠሯት። አፈር ይዛ መምጣት እንዳለባት ሲነግሯት ተጨነቀች፤ ቤቷ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ደጇ ሲሚንቶ ነው። በመጨረሻ በረንዳዋ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ አንድ እፍኝ በፌስታል ይዛ መጣች። ይህ ከደጅ አፈር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ አረፈዱና፣ ውሃ እያጠጣች ያኖረችው ነው ተብሎ ተፈቀደላት።

አያ ይማም «የጓንጉል ወገን አለህ?» አሉ። እማማ የሻረግ ተነሱ፤ ወንድሞቻቸው ስላለቁ ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት የሚነሱት እሳቸው ናቸው። «አለሁ» አሉ። «የጎሹ ወገን አለህ?» ሲሉ ልብስ ሰፊው አቶ ጣሴ ተነሳ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ አያ ይማም ግን አላሉትም። ወደ ዶክተሯ ዞሩ።

አፈሯን በተነች።

«ዘንጉ የወይራ ነው» አለች። «ባለ ሦስት ቀለበቱ ጫፍ ወደ ላይ ነው ያለው። ሰውየው የታችኛውን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞታል። ጣቶቹ አሁንም እንደተጨበጡ ናቸው።»

አቶ ጣሴ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የማያቋርጥ ቀልደኛ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በአባቶቹ ላይ ሁለት ሺህ ዓመት የኖረ ክስ በአንድ ደቂቃ ሲወርድ መሬት ላይ ተቀመጠ። አያ ይማም ፍርዱን ከመስጠታቸው በፊት በልማዱ መሠረት ከሳሽ ቃል እንዳለው መጠየቅ አለባቸውና ወደ እማማ የሻረግ ዞሩ።

እማማ የሻረግ ግን የሚያዩት ዳኛውን አልነበረም። የተከፈተውን ጉድጓድ ነበር።

«አባቴ ጓንጉል፣ ሰማህ?» አሉ። «ልጅህ ብቻውን አልሞተም። እጅ የዘረጋለት ሰው ነበረው።»

ፍርዱ «ጎሹ ነፃ ነው» የሚል ነበር። መርሶን ወደ ላይ መንደር አውጥተን እንቅበረው ያሉም ነበሩ፤ እማማ የሻረግ እንቢ አሉ። አሁን ያለበት አፈር የሁላችንም ነው፣ መሬት ተቀብላዋለች አሉ። ዘንጉን ከእጁ ሳያወጡ ከነበረበት መለሱት፣ ማዘጋጃ ቤትም ቦዩን በሌላ በኩል አዞረ። ዶክተሯ ዕድሜውን ለማወቅ ከዘንጉ አንዲት ስንጥር ልውሰድ ብላ ጠይቃ ነበር። ከአደባባዩ ምንም ነገር አይወጣምና ጉዳዩ ከባድ ሆነ፤ ለሚቀጥለው ጥር ተቀጠረ።

ዘንድሮ ያ ጥር ደረሰ። ክርክሩ ስለተዘጋ አፈር ይዞ የሚመጣ ሰው አይኖርም ብዬ ፈርቼ በማለዳ ሄድኩ። ከምሥራቅ በኩል እማማ የሻረግ በምርኩዝ እየተራመዱ መጡ፤ ከጎናቸው አቶ ጣሴ ቅርጫታቸውን ተሸክሞላቸዋል፣ ውስጡ ቀይ አፈር ነው። በእሳቸው እጅ ደግሞ ከአቶ ጣሴ ደጅ የተዘገነ አንድ እፍኝ ነጭ አፈር በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ሁለቱም በየተራ በተኑ። የወገኖቹ ስም ሲጠራ ሁለቱም «አለሁ» አሉ። አያ ይማምም «መሬት መስክራለች» አሉ፤ ከእንግዲህ በየጥሩ የሚባለው ይህ ነው። የስንጥሯ ጉዳይ ግን ሽማግሌዎቹን ስላላስማማቸው ለከርሞ ተቀጥሯል።

እኔም ስወጣ ከዳሩ ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳላስበው ያደረግኩትን አሁን አስቤ፣ አንዱን ጫማዬን አውልቄ፣ ከተረከዙ ሥር የተጣበቀችውን ሁሉ በጣቴ እየፋቅኩ፣ ወደ ውስጥ መለስኩ።